የረቡዕ ቀትር ጨዋታ

ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ቶሮንቶ
ሚያዝያ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጄ ሃብታሙ፣

ደብዳቤህ ሰኞ ገባ። ደህና መሆንህን ከጽሑፍህ አየሁ። ሲደክምህ መስመርህ ወደ ታች ያዘቀዝቃል፤ ያሁኑ ቀጥ ብሏል። እኛም ደህና ነን። ሩሃማ የአረጋውያን መጦሪያውን ሥራ እንደያዘች ናት። የማታ ፈረቃ ሲደርሳት ፊቷ ይጠቁራል እንጂ አልታመመችም።

ጋዜጣ እየቆረጡ መላኩ አይከብድዎትም ወይ ላልከው፣ አይከብደኝም። ሰዉ አውቶብስ ማቆሚያው ላይ አንብቦ ይጥለዋል፣ እኔ የስፖርቱን ገጽ አንስቼ እመጣለሁ። ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ሆኜ እንግሊዝኛ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማንበብ የጀመርኩት ግን አሁን በቤዝቦል ሰበብ ነው። ደግሞስ ኳሱን ከደብዳቤ በቀር በምን እናውራው? እሑድ ስትደውል ስልኩ የሩሃማ ነው። ባልና ሚስት በሚነጋገሩበት ሰዓት አማት ስልኩን ተቀብላ ስለ ኳስ ልጠይቅ ብትል ነውር ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቡድናችን በዚህ ሳምንት ያሸነፈው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው። ከአራቱ መርገጫ አንደኛው ቤዝ ላይ የሚቆመውን ሰውዬ፣ ያንን የስምንት ዓመት ውል የፈረሙለትን፣ እኔ ከእንግዲህ ባለስምንቱ ነው የምለው። ዱላውን ይዞ ይወጣል፣ ሦስት ጊዜ አየር ይመታል፣ ይመለሳል። ስምንት ዓመት! እኔና ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤት ስንከራይ እንኳ በየዓመቱ ነበር የምንፈርመው። በረጅም ማስፈረም ያለባቸው ያንን በግራ እጁ የሚወረውረውን ልጅ ነበር። ለእሱ የሰጡት አንድ ዓመት ነው። ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳሱን የሚቀልበውን ተቀባዩንም ሊሸጡት ነው እያሉ ነው፣ አረጀ ብለው። ወርዋሪው ሲጨንቀው ከቁጢጡ ተነስቶ እየሄደ አፉን በጓንቱ ሸፍኖ የሚያነጋግረው እሱ ብቻ ነው። ምን እንደሚለው አላውቅም። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ይረጋጋል። እንዲህ ያለ ሰው ይሸጣል?

አንተስ ምን ትላለህ? ጨዋታ ታያለህ ወይ?

አማትህ የኔነሽ

*

ፎርት ማክመሪ ካምፕ፣ አልበርታ
ሚያዝያ 27 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ ለወይዘሮ የኔነሽ፣

ጋዜጦቹ ደረሱኝ፣ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ካምፑ ውስጥ ሰው ሁሉ ተቀባበላቸው። ከኒውፋውንድላንድ የመጣ አንድ በያጅ አለ፣ «አማትህ ናት የምትልክልህ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «የእኔ አማት እስከ ዛሬ የላከችልኝ የፍርድ ቤት ወረቀት ብቻ ነው» ብሎ ገጹን ይዞት ሄደ።

ጨዋታ አላይም። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ምሽት ድረስ አውቶብሱ ላይ ነኝ፤ ሠራተኛውን ከካምፕ ወደ ነዳጅ ማውጫው፣ ከማውጫው ወደ ካምፕ። ስመለስ ያለው አንድ ቴሌቪዥን ሆኪ ላይ ተቸንክሯል። ስለዚህ የማውቀው እርስዎ የሚጽፉልኝን ነው።

በባለግራው እስማማለሁ። በተቀባዩም እስማማለሁ። በባለስምንቱ ግን አይሆንም። ስምንት ዓመት ስጡኝ ብሎ አላስገደዳቸውም። ደህና ሲመታ ፈረሙለት፤ አሁን መምታት ሲያቅተው ስሙን ማንሳት ልክ አይደለም። ደግሞ አያፍርም ብለው አያስቡ። ከሜዳ ሲወጣ ኮፍያው የት ድረስ ዝቅ እንደሚል ይዩልኝ።

እርስዎ ከአዲስ አበባ የመጡበት በጋ ትዝ ይለኛል። ሩሃማ ሥራ ስትገባ እርስዎ በሶፋው በዚያኛው ጫፍ፣ እኔ በዚህኛው ጫፍ። የሚወራ ነገር ጠፍቶን ነበር። ቤዝቦል የከፈትኩት ዝግ ያለ ጨዋታ ስለሆነ ዝም ብሎ ለመቀመጥ ይመቸናል ብዬ ነው። በሦስተኛው ቀን «ያ ሰውዬ ለምንድን ነው ዝም ብሎ የሚተፋው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ብለን አናውቅም።

አክባሪ ልጅዎ ሃብታሙ

*

አልበርታ
ግንቦት 21 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ፣

ለዘገየሁት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ከእንግዲህ ጋዜጦቹን በካምፑ አድራሻ ባይልኩ ይሻላል፤ ፖስታ እየጠፋ ነው ይባላል። ጀላልን ያስታውሱታል፣ ሠርጋችን ላይ ካሜራ ይዞ ሲሯሯጥ የነበረው። ኤድመንተን ነው የሚኖረው። አድራሻውን ከሥር ጽፌዋለሁ፣ እሱ ያደርስልኛል።

ስለ ቡድኑ በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፋለሁ። ጤናዎን ይጠብቁ።

ሃብታሙ

*

ፍሌሚንግደን ፓርክ
ግንቦት 30 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጄ ሃብታሙ፣

ይኸው በጀላል አድራሻ ልኬልሃለሁ። በዚህ ፖስታ ውስጥ አምስት ቁራጭ አለ፤ ባለስምንቱ የሳቀበትን ፎቶ አይተህ ንገረኝ። ሜዳ ላይ ምን እንዳሳቀው ቡድኑ ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም።

መስመርህ አዘቅዝቋል። ሥራው በዝቷል ስላልክ ሌላ አልልም።

ሩሃማ ባለፈው ሳምንት ጥርሷን አሟት ሐኪሙ ጋ ሄዳ ነበር። ሳትነቀል ተመለሰች። «ምን አሉሽ?» ስላት «ተሻለኝ» አለች። በአንድ ጎን እያኘከች ሰነበተች፤ አሁን ስለ ጥርሷ አታነሳም።

ትልቁ ወሬ ግን ይሄ አይደለም። ቅዳሜ ምሳ ላይ እጇን ከሳህኑ አንስታ «እማዬ፣ ሃብታሙ ጋ ልንሄድ ነው» አለችኝ።

«የት?»

«ፎርት ማክመሪ ነዋ።»

«እኔም?»

«አንቺን እዚህ ለማን ልተውሽ?»

ሁሉን አስባ ጨርሳለች። ቤቱን የምንለቀው በመስከረም 20 ነው። ለሕንፃው ቢሮ የመልቀቂያ ወረቀት የሚሰጠው ከሁለት ወር በፊት ስለሆነ እስከ ሐምሌ 24 ታስገባለች፤ ሥራዋን እንደምትለቅም ያን ቀን ትነግራቸዋለች። ወረቀቱ አንዴ ከገባ መመለሻ የለውም። በዚህ ኪራይ ሁለተኛ ቤት እንደማናገኝ ደግሞ ሦስታችንም እናውቃለን። «እሑድ ስነግረው ዝም አለ» ብላኛለች። ከደስታ ነው አልኳት።

እኔ ለመሄድ እምቢ አላልኩም። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። እዚያ የቡድናችንን ጨዋታ የሚያሳይ ቴሌቪዥን ይኖራል?

ባለግራው ሰሞኑን ኳሱ ፍጥነት አጥቷል። ጋዜጣው ደክሞት ነው ይላል። በዚህ ዕድሜው?

አማትህ የኔነሽ

*

አልበርታ
ሰኔ 7 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ፣

የቤቱን ነገር ሩሃማም ነግራኛለች። እርስዎ ቢመክሯት ትሰማለች ብዬ ነው የምጽፍልዎ። እዚህ ቤት የለም። ያለውም ሦስት ቤተሰብ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ነው። ብርዱ የቶሮንቶን ብርድ የሚያስመሰግን ነው፤ እርስዎ ደግሞ ጉልበትዎን ያምዎታል። ለሚቀጥለው ዓመት ብትተወው ይሻል ነበር። ከእኔ እንደመጣ ሳያደርጉ ቢነግሯት ደስ ይለኛል።

ወደ ኳሱ ልመለስ። ባለግራው ያስፈራኛል። ባለፈው ረቡዕ ስድስተኛው ዙር አልቆ ወደ መቀመጫቸው ሲገባ አይተውታል? ጓንቱ ያለው በቀኝ እጁ ነው፣ በግራው ስቦ ማውለቅ ነበረበት። በጥርሱ ነክሶ ነው ያወለቀው። ግራ እጁ ጭኑ ላይ እንደተኛ ቀረ። ማንም ልብ አላለውም። ተቀባዩ ብቻ ከአጠገቡ ሆኖ ያየው ነበር። እኔን ከጠየቁኝ ልጁ አልደከመውም። ትከሻው ነው።

ሃብታሙ

*

ፍሌሚንግደን ፓርክ
ሰኔ 16 ቀን 2001 ዓ.ም.

ሃብታሙ፣

የረቡዕን ጨዋታ እኔም አይቻለሁ። ጓንቱን በጥርሱ ማውለቁን ግን አላየሁም፤ ሻይ ልጥድ ተነስቼ ነበር። ጋዜጣውን ፈልጌ ደግሜ አነበብኩት። አልጻፈውም። ማታ በዜናው ላይ ያሳዩት ባለስምንቱ ያመለጠውን ኳስ ብቻ ነው። እኔም አልጻፍኩልህም።

ጨዋታው የተጀመረው በእኛ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። በእናንተ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ያንን ልጅ ጓንቱን በጥርሱ ሲያወልቅ ያየ ሰው በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ነበር። አንተ በዚያ ሰዓት መሪ ይዘህ ነበር የምትሆነው።

ፖስታ ይጠፋል ማለትህንም አሰብኩት። እስከ ዛሬ የላክሁልህ አንድም አልጠፋም።

ለሩሃማ ምንም አላልኳትም፣ አልላትምም። ይህ ከአማት አፍ የሚወጣ ነገር አይደለም። ነገር ግን ቤቱን አትልቀቂ ብለው ይምከሯት ያልከውንም አላደረግኩትም። «ለምን?» ብትለኝ ምን ልመልስላት ነው? ስለ ብርዱ? ልጅቷ እዚህ አገር ስድስት ክረምት አሳልፋለች።

ቡድኑ ትናንትም ተሸንፏል።

የኔነሽ

*

አልበርታ
ሰኔ 23 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ፣

ረቡዕ ዕለት አሞኝ ስለነበር ሥራ አልገባሁም። ጉንፋን ነው፣ አሁን ለቆኛል። እንዳያሳስብዎት ብዬ ነው ያልጻፍኩልዎ።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ሃብታሙ

*

ፍሌሚንግደን ፓርክ
ሐምሌ 5 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጄ ሃብታሙ፣

ጉንፋኑ ስለለቀቀህ እግዚአብሔር ይመስገን። በደብዳቤህ ውስጥ ስለ ቡድኑ አንድ ቃል የለም። ወደዚያ ከሄድክ ወዲህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፈህልኝ አታውቅም። ስለዚህ ስለ ቡድኑ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ አንተ አንብብ።

የባለግራው ትከሻ ወለቀ። ልክ ነበርክ። ቅዳሜ ዕለት ሁለተኛው ዙር ላይ አንድ ኳስ ወረወረና ኳሱ ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ መሬት ነካ። ልጁ እዚያው ተንበረከከ። ጋዜጣውን ልኬልሃለሁ፣ ሦስተኛውን አምድ አንብበው። ከሚያዝያ ጀምሮ ያመው ነበር። ለማንም አልተናገረም። ያወቀው ተቀባዩ ብቻ ነው፤ ንገራቸው፣ ንገራቸው እያለ ለምኖታል። እሱ ራሱ ሄዶ አልተናገረበትም። ጋዜጠኛው ለምን ዝም አልክ ሲለው «የእሱ ትከሻ ነው፣ እሱ ነው መናገር ያለበት» ብሎ መለሰ። ይህን ሰው አይሽጡት ያልኩት በከንቱ አልነበረም።

ያንን ሁሉ ጊዜ በታመመ ትከሻ ሲወረውር ስንት ጨዋታ ተሸነፍን! በጊዜ ቢናገር ሌላ ሰው ይተኩ ነበር፣ እሱም በዚህ ሰዓት ድኖ ነበር።

ሳነብ ሩሃማ መጣችና «ምንድን ነው እንዲህ ያስቆጣሽ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ለምን ደበቀ?» አልኳት።

«እንዳያባርሩት ፈርቶ ነዋ።»

«ቢናገር ያባርሩት ነበር?»

ልብስ እያጣጠፈች ነበር። አንዱን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ አጣጠፈችው። «እኔ አሠልጣኙ ብሆን የሚያናድደኝ ትከሻው አልነበረም» አለች።

በሬዲዮ የሚደውሉት ሰዎች ውሉ ሲያልቅ ይሰናበት እያሉ ነው። እኔ አልልም። ልጁ ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ትከሻ ደግሞ ይድናል። ውል የሚያስፈልገው እኮ ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። ጤነኛ ሆኖ ለሚያሸንፍ ሰው ውል ምን ያደርግለታል? ሁሉም በሩ ላይ ቆሞ ይለምነዋል።

የመልቀቂያውን ወረቀት ሩሃማ ሞልታ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጥፋዋለች። ውሃ ልጠጣ በተነሳሁ ቁጥር አየዋለሁ። ሐምሌ 24 ይላል። በዚያው ቀን ቡድኖች ተጫዋች የሚለዋወጡበት በር ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሁሉም የያዘውን ይዞ ነው የሚጨርሰው።

አማትህ የኔነሽ

*

ኤድመንተን
ሐምሌ 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ፣

ከግንቦት መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ የለኝም። አርባ ሹፌሮች በአንድ ጠዋት ቁልፍ አስረከብን። አልጋው የካምፑ ስለነበር ሥራው ሲሄድ አልጋውም አብሮ ሄደ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያለሁት ጀላል ሳሎን፣ ሶፋው ላይ ነው። የቀን ሥራ ሲገኝ ከመኪና ላይ ዕቃ አወርዳለሁ። ሳይገኝ ቴሌቪዥን አያለሁ። ረቡዕ አልተገኘም ነበር።

መጀመሪያ በሁለት ሳምንት ሌላ ሥራ አገኛለሁ፣ ያኔ ለሩሃማ አብሬ እነግራታለሁ ብዬ ነው። ሁለት ሳምንቱ አለፈ። ከዚያ በኋላ ሥራ ማጣቴን ብቻ ሳይሆን መደበቄንም መናገር ሊኖርብኝ ሆነ። በየእሑዱ እየከበደ ሄደ። እሷ ስለ ፎርት ማክመሪ ስትነግረኝ ጀላል አጠገቤ ነበር። ስልኩን ስዘጋ «አንተ ሰው አይደለህም» አለኝና እራት አቀረበልኝ።

ለእርስዎ ያልነገርኩበት ምክንያት ሌላ ነው። ሽማግሌዎቼ ሩሃማን ሊጠይቁልኝ አዲስ አበባ ቤትዎ የገቡ ዕለት አጎቴ በስልክ የነገረኝን አልረሳውም። እርስዎ የማን ልጅ ነው አላሉም፣ አገሩ የት ነው አላሉም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጁ ሥራ አለው?» አሉ። አለው አሉዎት። በዚያች አንድ ቃል ነው ልጅዎን የሰጡኝ።

ለሩሃማ በሚመጣው እሑድ እነግራታለሁ። ዛሬ ያልደወልኩት ይህ ደብዳቤ እንዲቀድመኝ ብዬ ነው። ስትሰማ ብቻዋን እንዳትሆን፣ እባክዎ ከቤት አይውጡ።

ሃብታሙ

*

ፍሌሚንግደን ፓርክ
ሐምሌ 25 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጄ ሃብታሙ፣

ደብዳቤህ አርብ ደረሰኝ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ሩሃማ ጉልበቴን አየች፣ እኔን አየች።

አንተ ስትደውል ማድ ቤት ገብቼ እንዳልሰማ ውሃውን ከፈትኩ። ትንሽ ቆይቼ እንድሰማ ዘጋሁት። የምትለውን ሁሉ እስክትጨርስ አላቋረጠችህም። ከዚያ «አውቃለሁ» አለችህ። አንተ ምን እንዳልክ አላውቅም፤ እኔ ግን እጄ ላይ የነበረውን ብርጭቆ ልጥለው ነበር።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ በረንዳው ላይ ወጥታ ቆየች። ስትመለስ «እማዬ፣ ምሳ በልተሻል?» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አልኳት።

«ከጥርሴ።»

ለካ ጥርሷን ልትነቀል የሄደች ቀን ካርድሽ አይሠራም ብለው መልሰዋታል። ካርዱ የአንተ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው የሕክምና መድን ነው። እዚያው ሆና ወደ መድኑ ቢሮ ደውላ ስትጠይቅ ከግንቦት ጀምሮ ተዘግቷል አሏት። በአንድ ጎኗ እያኘከች አንተ እስክትናገር ጠበቀች።

«ታዲያ ፎርት ማክመሪ እንሄዳለን ያልሽው?»

«እንዲናገር ነዋ። ቤት ልለቅ ነው ካልኩት ዝም የሚል አልመሰለኝም ነበር።»

«ዝም ቢልስ?»

«እስከ ሐምሌ 24 ሰጥቼው ነበር።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«አላሰብኩበትም» አለች። ይህንን አላመንኳትም፤ አንተም አትመናት። ደርሰሃል፣ ለጥቂት።

እኔ ግን በራሴ ነው የሳቅኩት። ሳልጠየቅ ጨርሶ የማያውቀኝን ልጅ ትከሻ ስመረምር ከርሜ፣ ልጄ ፊቴ ተቀምጣ በግማሽ አፏ ስትበላ «ተሻለኝ» አለችኝና ተሻላት ብዬ ተነሳሁ። አንተን በረቡዕ ያዝኩህ። እሷን ግን በየቀኑ ሦስት ጊዜ እያየሁ አልያዝኳትም።

ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አንስታ በጀርባው ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሳሙና ብላ ጽፋ ገበያ ሄደችበት። ጥርሷን ማክሰኞ ትነቀላለች።

አሁን ስለዚያች ጥያቄዬ ልንገርህ፣ ያን ያህል ዓመት ተሸክመሃት ከኖርክ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው ገቡ። ተቀመጡ። ንግግራቸውን ጨርሰው እኔን ማየት ጀመሩ። እንዲህ ያለውን የሚመልሰው ባለቤቴ ነበር፣ እሱ የለም። አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ፣ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። «ልጁ ረጅም ነው ወይ?» ልል ነበርና ፈራሁ። ልጄን የሰጠሁህ ስለ ሥራህ አይደለም። እሷ በበሩ ቀዳዳ በዓይኗ እሺ በይ ስላለችኝ ነው።

ትናንት የተጫዋች ልውውጡ በር ተዘጋ። ተቀባዩን ለወጡት። በእሱ ፋንታ ስሙን አንብቤ የማልጨርሰውን አንድ ልጅ አመጡ። ሥራ አስኪያጁን በሬዲዮ ደውዬ የምነግረው ነገር ነበረኝ፣ ሩሃማ ስልኩን ወሰደችብኝ። ባለግራውን ግን አልነኩትም። ለሁለት ዓመት ሊያስፈርሙት ነው ይላሉ፣ ትከሻው እንደታሰረ።

ሩሃማ በደብዳቤ አልጽፍለትም ብላለች። ተቆጥታለች፣ ገና አልለቀቃትም። ትናንት ግን ያንተን ወፍራም ብርድ ልብስ አውጥታ አጥባለች። በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ለማን እንደሚታጠብ አልጠየቅኳትም።

ና።

አማትህ የኔነሽ

*

ተንደር ቤይ፣ አውቶብስ መናኸሪያ
ነሐሴ 5 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ፣

ሹፌሩ ለምሳ ትንሽ ጊዜ ሰጥቶናል። ጎበዝ ሹፌር ነው፣ ኩርባ ላይ ግን ፍሬን ያበዛል። ጀላል ይህንን የመሰለ ነገር እየተናገርኩ ሰው እንዳላስቸግር ሳንድዊች ሰጥቶ ነው የሸኘኝ።

ይህ ደብዳቤ ከእኔ በኋላ እንደሚደርስ አውቃለሁ። የምጽፈው ፊት ለፊት ስንሆን መናገር የማልችለው ስለሚመስለኝ ነው። ለሩሃማ ሳይነግሩብኝ ስለጠበቁኝ አመሰግናለሁ። ጉንፋን ነው ብዬ ስለዋሸሁዎት ይቅር ይበሉኝ።

እዚያው ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሹፌር ይፈልጋሉ ተብያለሁ። የሰውየውን ስልክ ይዣለሁ። ከተሳካ እናያለን። ካልተሳካም በዚያው ቀን እነግራችኋለሁ።

ስገባ የሚያስፈራኝ የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ነው። እባክዎ ሶፋው ላይ በዚያኛው ጫፍዎ ይጠብቁኝ። ቴሌቪዥኑም ይከፈት።

ሃብታሙ

*

ከሳሎን፣ ወደ መኝታ ቤት
ነሐሴ 15 ቀን 2001 ዓ.ም.

ልጄ ሃብታሙ፣

ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰ፤ አንተ ቀድመኸው ገብተህ ከሰነበትክ በኋላ። ነገ በማለዳ ሥራ ስለምትጀምር ከምሳ በኋላ ጋደም ብለሃል፣ አልቀሰቅስህም። ደብዳቤ ደግሞ ሳይመለስ መቅረት የለበትም። ይህንን በበሩ ሥር አስገባዋለሁ።

የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ እንዳልከው ነበር። ሩሃማ ሻንጣህን ተቀብላ ልብስህን ሁሉ ማጠቢያ ውስጥ ከተተችው። ንጹሑንም ጭምር። አንተ ጫፍህ ላይ ተቀመጥክ፣ እኔ ጫፌ ላይ። ሦስት ለባዶ እየተሸነፍን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በመሸነፋችን ደስ አለኝ፣ የምንነቅፈው ሰው አገኘን።

ሥራውን የነገርከኝ አንገትህን ደፍተህ ነው። የስድስት ወር ውል ብቻ ነው አልክ። ስለ ውል እኔን ነው መጠየቅ ያለብህ። ስድስት ወር ጥሩ ነው። አንተና ቀጣሪዎችህ በስድስት ወር ውስጥ ትተያያላችሁ፤ ካልወደድካቸው ትለቃለህ፣ ከወደዱህ ይጨምራሉ። በባለስምንቱ ነገር ግን አንተ ልክ ነበርክ። ትናንት ኮፍያውን ልብ ብዬ አየሁት። እስከ ቅንድቡ ወርዷል። ከእንግዲህ ስሙን አላነሳም፣ ሁለት ኳስ በተከታታይ ካላመለጠው በስተቀር።

ዛሬ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጨዋታ አለ። ሳይሸነፉ አይቀሩም። ዘንድሮ የሚሆን ነገር የለም፣ ይህንን ማንም ያውቃል። የሚመጣው ዓመት ግን ሌላ ነው፤ ባለግራው ከዳነና አንድ ደህና ተቀባይ ካገኙ እኔ ተስፋ አለኝ። ይህንን በጽሑፍ ይዘህ አስቀምጠው።

ትናንት አንተ ገላህን ስትታጠብ ካሜራው ልጁን አሳየው። ግራ ክንዱ አንገቱ ላይ ታስሯል፣ ጃኬት ደርቧል። እስከሚመጣው ዓመት አንድ ኳስ አይወረውርም፣ ቤቱ መቅረት ይችል ነበር። እሱ ግን ከሁሉም ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ በቀኝ እጁ ሱፍ እየፈለፈለ፣ የተሸነፈውን ጨዋታ ያያል። ሩሃማ ብረት ድስት ይዛ ስታልፍ ቆመች።

«ያ ልጅ አይጫወትም አላልሽም? ታዲያ ምን ሊያደርግ መጣ?»

«የቡድኑ ነዋ» አልኳት።

ድስቱን እንደያዘች ዙሩ እስኪያልቅ ቆማ አየች። ከዚያ «ስንት ሰው ነው የሚጫወተው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሦስት ዓመት በዚህ ቤት ውስጥ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ዛሬ እራት ቀደም ብለን እንብላ። እሷም ታያለች፣ ሕጉን የምታስረዳት አንተ ነህ። ሶፋው ላይ መሃል ትቀመጣለች፤ ሁለቱ ጫፍ ተይዟል።

የኔነሽ